ብዙ እየበሉ የማይወፍሩ አይጦች

በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ባክቴሪያ የሚባል ነገር ደርሶባቸው የማያውቁ አይጦች ይረባሉ። የሚኖሩት የተጣራ አየር በሚነፍስበት የፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ ነው። ምግባቸውና ውኃቸው፣ የሚተኙበት የእንጨት ፍቅፋቂ ሳይቀር፣ አስቀድሞ ከጀርም ይጸዳል። ተንከባካቢያቸው ሊነካቸው ሲፈልግ ከድንኳኑ ግድግዳ ጋር በተሰፋ ረጅም ጓንት ውስጥ እጁን ይከታል። የዘራቸው መነሻ የሆኑት አይጦች በቀዶ ሕክምና ከማሕፀን የወጡ ናቸው፤ በተፈጥሮ መንገድ ቢወለዱ ኖሮ የመጀመሪያዎቹን ባክቴሪያዎች ገና ሲወጡ ከእናታቸው ይወስዱ ነበርና።

ይህ ሁሉ ልፋት ያለ ምክንያት አይደለም። ባክቴሪያ በአካል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ያለ ባክቴሪያ የሚኖር አካል ማየት አለበት። ስዊድናዊው ፍሬድሪክ ቤክሄድ በዚሁ ትምህርት ቤት በጄፍሪ ጎርደን ቤተ ሙከራ ይሠራ በነበረበት ጊዜ እነዚህን ከጀርም የጸዱ አይጦች ከተራ አይጦች ጋር አወዳደረ፤ የሰውነታቸውን ስብም ለካ። ውጤቱ በ2004 ታተመ (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተራዎቹ አይጦች ከጀርም ከጸዱት ይልቅ 42 በመቶ የበለጠ ስብ ተሸክመው ተገኙ። በላተኞች ስለሆኑ ነው እንዳይባል፣ የሚበሉት በ29 በመቶ ያነሰ ነበር። ብዙ የሚበሉት ቀጫጭኖቹ ነበሩ።

ቀጥሎ ቤክሄድ ከተራ አይጦች አንጀት የተወሰደ ባክቴሪያ ለጎልማሶቹ ንጹሐን አይጦች ሰጣቸው። በ14 ቀን ውስጥ የሰውነታቸው ስብ በ60 በመቶ ጨመረ፤ ያውም ከበፊቱ ያነሰ እየበሉ። ኢንሱሊንም በሰውነታቸው ላይ የነበረው ኃይል ደከመ፤ ይህ ለስኳር በሽታ መንገድ የሚጠርግ ለውጥ ነው።

እኛ ዘንድ ስለ ውፍረት ያለው አስተያየት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ተገልብጧል። ድሮ የወፈረ ሰው የተመቸው ነበር፤ ዛሬ በከተማ ሆዱን መግዛት ያቃተው ነው። ሁለቱም አስተያየቶች ውፍረትን የሚለኩት በአፍ በገባው መጠን ነው። የሴንት ሉዊስ አይጦች የሚያስቸግሩት ይህን መለኪያ ነው። ምግብ አይቆጠርም ማለቴ አይደለም፤ ያለ ምግብ ማንም አይወፍርም። ነገር ግን አፍ በዋጠውና ወገብ ላይ በቀረው መካከል ረጅም መንገድ አለ፣ በመንገዱም ላይ የሚወስኑ ብዙዎች ናቸው።

በመጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ማብራሪያ ቀላሉ ነው፤ እውነትነትም አለው። የእህል ገለፈት፣ የባቄላ ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል የመሳሰሉት ውስጥ ያለውን አሰር ወይም ፋይበር የሰው ኢንዛይም አይፈጨውም። ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን ያብላሉትና አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት ወደሚባሉ ጥቃቅን የቅባት አሲዶች ይለውጡታል። እኛ እነዚህን እንመጥጣለን፣ ጉልበትም እናገኝባቸዋለን። ባክቴሪያ የሌለው አይጥ ይህን ጉልበት ከሰገራው ጋር ያስወጣዋል። በዚያው ቤተ ሙከራ ፒተር ተርንቦ በ2006 እንዳሳየው ደግሞ ባክቴሪያ ሁሉ እኩል አይደለም። በዘር ምክንያት እጅግ ከሚወፍሩ አይጦች የተወሰደ ባክቴሪያ የተሰጣቸው ንጹሐን አይጦች በሁለት ሳምንት ስባቸው በ47 በመቶ ሲጨምር፣ ከቀጫጭን አይጦች የተሰጣቸው ግን በ27 በመቶ ብቻ ጨመሩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ምዕራፍ በሁለት ገጽ እጨርሰው ነበር። ባክቴሪያ ተጨማሪ ካሎሪ ያስገኛል፣ ካሎሪ ስብ ይሆናል፣ አለቀ። ቤክሄድ ግን የአይጦቹን የአንጀት ሽፋን ሕዋሳት ሲመረምር ሌላ ነገር አየ። ባክቴሪያ ሲገባባቸው በነዚህ ሕዋሳት ውስጥ አንድ ጂን ሥራውን ቀነሰ። የጂኑ ምርት ፊያፍ የተባለ ፕሮቲን ነው።

የፊያፍን ሥራ ለመረዳት ስብ በደም ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ማየት ያሻል። ከምግብ የመጣም ይሁን ጉበት የሠራው ስብ በደም የሚዘዋወረው ትሪግሊሰራይድ ሆኖ ነው። በዚህ መልኩ ግን ስብ በሚያከማቸው ሕዋስ ውስጥ መግባት አይችልም። በደም ሥሮቹ ግድግዳ ላይ የተቀመጠ ሊፖፕሮቲን ሊፔዝ የሚባል ኢንዛይም መጀመሪያ ይሰባብረዋል፣ ስብርባሪው ይገባል፣ ውስጥ ሲደርስ እንደገና ይጋጠማል። ፊያፍ የዚህ ኢንዛይም ገቺ ነው። በተራብን ጊዜ ፊያፍ ይበዛል፤ ኢንዛይሙ ይያዛል፤ ስብም ከመከማቸት ይልቅ ለማገዶ ይተርፋል። ባክቴሪያዎቹ ፊያፍን ሲያሳንሱት ኢንዛይሙ ነጻ ይወጣል፤ ስብ ወደ ማከማቻው ይጎርፋል።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አላቆሙም። የፊያፍ ጂን ፈጽሞ የሌላቸውን አይጦች ወስደው ከጀርም በጸዳ ድንኳን አሳደጉ። እነዚህ አይጦች አንድም ባክቴሪያ ሳይኖራቸው ባክቴሪያ ያላቸውን ያህል ወፈሩ። ስለዚህ ንጹሐኑን አይጦች ቀጭን ያደረጋቸው የጠፋው ካሎሪ ብቻ አልነበረም፤ ፊያፍ በሥራው ላይ መሆኑም ነበር። በእኔ ግምት የዚያ ጥናት ትልቁ ግኝት 42 በመቶው ወይም 60 በመቶው ሳይሆን ይህ ነው፤ የሌላ ፍጡር በአንጀት መኖር የአይጧን የራሷን ጂን ሥራ ቀየረው።

የጂን ንባብ

በሰው አካል ውስጥ ፕሮቲን የመሥሪያ መመሪያ የያዙ ጂኖች ወደ 20,000 ይጠጋሉ። የጉበት ሕዋስም፣ የዓይን ሕዋስም፣ የስብ ሕዋስም የያዘው አንዱን መመሪያ ነው። ልዩነታቸው የቱ ይነበባል፣ የቱ ይዘለላል በሚለው ላይ ነው። የጂን ቁጥጥር የሚባለው ይህ ነው፤ ውፍረትን በሚመለከት ከጂኖቹ ይልቅ ቁጥጥሩ ብዙ ምስጢር ይዞ ተገኝቷል።

በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ተዘርግቶ ቢለካ ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሁሉ በዓይን በማይታይ ቦታ የሚታጨቀው፣ ፈትል በእንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም፣ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ነው። አጥብቆ በተጠመጠመው ክፍል ላይ ያለ ጂን አይነበብም፤ ላላ ባለው ላይ ያለው ይነበባል። ጥምጥሙን ከሚያላሉት ነገሮች አንዱ አሴቲል የተባለ ትንሽ ኬሚካላዊ ቅንጣት ነው፤ ሂስቶኑ ላይ ሲለጠፍ ዲኤንኤው ይላላል። ሂስቶን ዲአሴቲሌዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ደግሞ ይህን ቅንጣት እየነቀሉ ጥምጥሙን ያጠብቁታል።

እዚህ ላይ ከአሰር መብላላት የሚገኘው ቡቲሬት ተመልሶ ይመጣል። የቆየ ቅቤ ያሸተተ ሰው ቡቲሬትን በአፍንጫው ያውቀዋል፤ የዚያ ሽታ ዋናው ባለቤት ይኸው አሲድ ነው። ቡቲሬት ለትልቁ አንጀት ሽፋን ሕዋሳት ዋነኛ ማገዶ ነው። ከዚያ በተጨማሪ ግን እነዚያን ነቃይ ኢንዛይሞች ይገታል፤ ይህ ጠባዩ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ባቄላ የበላ ሰው አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ የሚሠራው አሲድ የሰውየውን ሕዋሳት የጂን ንባብ ለመለወጥ የሚያስችል መሣሪያ ነው ማለት ነው።

መቻል አንድ ነገር ነው፣ ማድረግ ሌላ። በ2016 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የጆን ደኑና የፌደሪኮ ሬይ ቡድኖች ባክቴሪያ ያላቸውንና የሌላቸውን አይጦች ሂስቶኖች አወዳደሩ። ልዩነቱ በትልቁ አንጀት ብቻ ሳይሆን በጉበትና በስብ ሕዋሳትም ላይ ታየ። ስብና ስኳር የበዛበት፣ አሰር ያነሰው ምግብ ሲሰጣቸው ደግሞ ባክቴሪያ ባላቸው አይጦች ላይ ይታይ የነበረው ለውጥ ብዙው ተቋረጠ። ባክቴሪያ ለሌላቸው አይጦች ጥቃቅኖቹን የቅባት አሲዶች ብቻ ሲሰጧቸው ሂስቶኖቻቸው ባክቴሪያ ወዳላቸው አይጦች ሂስቶን አደሉ። ባክቴሪያው ራሱ ሳይመጣ መልእክቱ ብቻውን ሠራ።

እንደዚህ ሲነገር ቡቲሬት መድኃኒት ይመስላል። ነገሩን የሚያወሳስበው ጥናት ከቴክሳስ መጣ። በዳላስ የሎራ ሁፐር ቡድን በ2019 እንዳሳየው፣ በትንሹ አንጀት ሽፋን ላይ ባክቴሪያዎች ከነቃዮቹ ኢንዛይሞች አንዱን፣ ኤችዳክ 3 የሚባለውን፣ ያበዙታል። ይህ ኢንዛይም እዚያ የቀንና የሌሊት ምት ይዞ ይሠራል፤ ከተለመደው የማጥበቅ ሥራው በተቃራኒም፣ ስብ ከምግብ የሚመጠጥበትን በር የሚሠራ ጂን እንዲነበብ ያግዛል። በአንጀታቸው ሽፋን ኤችዳክ 3 የሌላቸው አይጦች ስብና ስኳር የሞላበት ምግብ እየበሉ አልወፈሩም። እንግዲህ በአንዱ ቦታ ባክቴሪያ ነቃዩን ኢንዛይም ይገታል፣ በሌላው ያበረታል። ትንሹ አንጀት ስብ የሚመጠጥበት ነው፤ ቡቲሬት በብዛት የሚሠራው ግን ወረድ ብሎ በትልቁ አንጀት ነው። አንድን ባክቴሪያ ወይም አንድን ኬሚካል ጥሩ ወይም መጥፎ ብሎ መፈረጅ የማያዛልቀው ለዚህ ነው። የት? በስንት ሰዓት? ከየትኛው ምግብ ጋር? ብሎ መጠየቅ ግድ ይላል።

የመንታዎቹ ሰገራ

ስለ አይጥ ብዙ ተባለ። ከሰው የተወሰደ ባክቴሪያስ? ቫኔሳ ሪዳውራ የተባለች የጎርደን ተማሪ አራት ጥንድ ሴት መንታዎችን አገኘች፤ በእያንዳንዱ ጥንድ አንደኛዋ ወፍራም፣ ሌላኛዋ ቀጭን ነበረች። የሰገራቸው ባክቴሪያ ከጀርም ለጸዱ አይጦች ተሰጠ። አይጦቹ የሚበሉት አንድ ዓይነት ምግብ፣ አንድ ዓይነት መጠን ነው። የወፍራሟ መንታ ባክቴሪያ የደረሳቸው አይጦች ስባቸው ጨመረ፤ የቀጭኗ የደረሳቸው ቀጭን እንደሆኑ ቀሩ።

ከዚያ ሪዳውራ ሁለቱን ዓይነት አይጦች በአንድ ጎጆ አስገባቻቸው። አይጥ የጎረቤቱን በጠጥ ይበላል፤ ደስ አይልም፣ ለዚህ ሙከራ ግን ከዚህ የተሻለ ጠባይ አይገኝም። ሊወፍር የነበረው አይጥ ከቀጭኑ ጋር ሲኖር ሳይወፍር ቀረ። የቀጭኑ ባክቴሪያ በወፍራሙ አንጀት ገብቶ ሰፈረ፤ የወፍራሙ ግን በቀጭኑ አንጀት ቦታ አላገኘም። ጥናቱ በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ሲወጣ ብዙ ጋዜጦች የዘገቡት እስከዚህ ድረስ ነበር፤ ቀጭንነት ይጋባል የሚል አርእስት ለመጻፍ ይህ በቂ ነው።

የቀረው ክፍል ግን ከዚህ ይበልጣል። አይጦቹ ይበሉ የነበረው ስብ ያነሰውና አሰር የበዛበት መኖ ነበር። ተመራማሪዎቹ አሜሪካውያን ከሚበሉት ምግብ ሁለት ዓይነት መኖ አዘጋጁ፤ አንዱ ጮማ ያነሰው፣ ፍራፍሬና አትክልት የበዛበት፣ ሌላው ጮማው በዝቶ አትክልቱ ያነሰ። በመጀመሪያው መኖ አብሮ መኖር እንደ ቀድሞው ጠቀመ። በሁለተኛው ግን የቀጭኑ ባክቴሪያ በወፍራሙ አንጀት ውስጥ ሊሰፍር አልቻለም፤ አይጡም ወፈረ። ጥሩው ባክቴሪያ በጎረቤት እያለ፣ በአፍ እየገባም ጭምር፣ የሚበላው ስላጣ አልተቀመጠም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የተስፋና የቅዝቃዜ ታሪክ ነው፤ በፍጥነት ልለፈው። ሩት ሌይ በ2006 በ12 ወፍራም ሰዎች ላይ ባየችው መሠረት ፈርሚኪውትስ የተባለው የባክቴሪያ ጎራ ባክቴሮይዴትስ ከተባለው ሲበዛ የውፍረት ምልክት ነው የሚል እምነት ለዓመታት ነገሠ። ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረመሩ ግን ምልክቱ አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል። በአምስተርዳም በ2012 ከቀጫጭን ሰዎች የተወሰደ ሰገራ የተሰጣቸው ወፍራም ወንዶች ለኢንሱሊን ያላቸው ምላሽ ተሻሻለ፤ ክብደታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። በቦስተን በ2020 የታተሙ፣ ሰገራ በካፕሱል የተሰጠባቸው ሙከራዎችም ክብደት አልቀነሱም። በቤልጂየም የፓትሪስ ካኒ ቡድን አከርማንሲያ የተባለውን ባክቴሪያ ለሦስት ወር ሰጥቶ ነበር፤ በ2019 በታተመው ውጤት 32 ሰዎች እስከ መጨረሻው ዘልቀዋል። በሙቀት የተገደለው ባክቴሪያ ከሕያው የተሻለ ሠራ፣ የኢንሱሊን ምላሽንም አሻሻለ፤ የክብደት ለውጡ ግን በአጋጣሚ ሊሆን ከሚችለው ተለይቶ አልወጣም።

ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በዱባይ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ቦርጭ ያጠፋል ተብሎ የሚሸጥ የባክቴሪያ እንክብል ሲያዩ ገንዘብዎን በኪስዎ ያቆዩት። አይጡ ባዶ አንጀት ይዞ ነው የሚጠብቀው፤ የመጣው ሁሉ ቦታ ያገኛል። የሰው አንጀት ግን በልጅነት የተያዘ ነው። በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች በ2016 ባሰሉት መሠረት በአንድ ሰው ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ አለ፤ የሰውየው የራሱ ሕዋሳት 30 ትሪሊዮን ገደማ ናቸው። በዚህ ሕዝብ መካከል በጠዋት የተዋጠ አንድ እንክብል ጎልቶ እንዲታይ መጠበቅ ብዙ መጠበቅ ነው።

በዘር የመጣው

ባክቴሪያው ብቻውን አይፈርድም፤ የተቀበልነው ጂንም አለ። የሌፕቲንን ታሪክ አንባቢ ሰምቶት ይሆናል። በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማን በኒው ዮርክ ያገኘው ይህ ሆርሞን ከስብ ሕዋሳት ወጥቶ ለአንጎል ጠግበናል ይላል፤ ጂኑ የተበላሸበት ሕፃን ጥጋብ አያውቅም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ብልሽት እጅግ ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ይገኛል። ስለ ብዙኃኑ የሚናገረው ኤፍቲኦ የተባለው ጂን ነው፤ የእርሱም ታሪክ በስሕተት አድራሻ ይጀምራል።

በ2007 የብሪታንያ ተመራማሪዎች 39,000 ያህል የአውሮፓ ተወላጆችን መርምረው፣ በዚህ ጂን ውስጥ አንድ የፊደል ልዩነት ከክብደት ጋር እንደሚያያዝ አገኙ። ልዩነቱን ከአባትም ከእናትም የወረሱት 16 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ምንም ካልወረሱት በአማካይ በ3 ኪሎ ይበልጡ ነበር። ዓለም ሁሉ የውፍረት ጂን ተገኘ አለ። ኤፍቲኦ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ቤተ ሙከራዎች ዓመታት ፈጁ። የፊደል ልዩነቱ የሚገኘው ግን ፕሮቲን በማይሠራው የጂኑ ክፍል ነበር። በ2014 የቺካጎው ማርሴሎ ኖብሬጋ ያ ክፍል ኤፍቲኦን ትቶ ከርሱ በጣም ርቆ ያለውን አይአርኤክስ 3 የተባለ ጂን እንደሚቆጣጠር አሳየ፤ ዲኤንኤው ስለሚተጣጠፍ ሩቁ ቅርብ ይሆናል። በ2015 ደግሞ ሜሊና ክላውስኒትዘርና ማኖሊስ ኬሊስ በቦስተን አካባቢ አጠናቀቁት። የፊደል ልዩነቱ አንድ ከልካይ ፕሮቲን የሚቆምበትን ቦታ ያበላሻል፤ ከልካዩ ሲነሳ አይአርኤክስ 3ና ጎረቤቱ አይአርኤክስ 5 ከልክ በላይ ይነበባሉ፤ ገና በማደግ ላይ ያለው የስብ ሕዋስም ስብን አቃጥሎ ሙቀት ከሚሰጠው ዓይነት ይልቅ ስብን የሚያከማቸውን ዓይነት ይሆናል። በቤተ ሙከራ ያቺን አንዲት ፊደል ሲያርሟት ሕዋሱ ማቃጠሉን ቀጠለ።

ጂኑ አልተበላሸም፤ የተዛባው የሚነበብበት መጠን ነው። የ3 ኪሎ ልዩነትም ዕጣ ፈንታ አይደለም።

የንባብ መጠን ከመወለድ በፊት በእናት ረሃብ ሊቀየር ይችላል። በ1944 መጨረሻ ጀርመን ምዕራባዊ ሆላንድን ከምግብ ዘጋች፤ እስከ ግንቦት 1945 ድረስ የከተማ ሰው ራሽን በቀን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ። በዚያ ዘመን የተወለዱ 300,000 ያህል ወንዶች 19 ዓመት ሲሞላቸው ለውትድርና ተመርምረው ነበርና መዝገቡ በ1976 ተጠና። ከእነርሱ መካከል ረሃቡ በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ የደረሰባቸው ለውፍረት የተጋለጡ ሆኑ፤ በመጨረሻዎቹ ወራት የደረሰባቸው ግን ከሌላውም ያነሰ። በ2008 የላይደን ተመራማሪዎች በረሃቡ ወቅት የተፀነሱ ሰዎችን ደም ሲያዩ፣ ከስድሳ ዓመት በኋላም፣ አይጂኤፍ 2 በሚባል የዕድገት ጂን ላይ ያለው፣ ሜቲል የተባለ የጂን ንባብን የሚቆጣጠር ኬሚካላዊ ምልክት በረሃቡ ወቅት ካልተፀነሱ ወንድምና እህቶቻቸው ያነሰ ነበር። እኛ በ1977 ዓመተ ምሕረታችን ያየነውን ረሃብ በማሕፀን ያሳለፉ ሰዎች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ በራያ ቆቦ አካባቢ የሚያጠኑ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ተነስተዋል።

የልጅነት ጊዜ ለባክቴሪያውም እንዲሁ ስስ ነው። የማርቲን ብሌዘር ቡድን በ2014 እንዳሳየው፣ በጨቅላነታቸው ጥቂት ፔኒሲሊን የተሰጣቸው አይጦች፣ መድኃኒቱ ቆሞ ባክቴሪያቸው ከተመለሰ በኋላም ወፍረው አደጉ። ሐኪም ያዘዘውን አንቲባዮቲክ ለልጅ መከልከል ከዚህ አይወጣም፤ ለጉንፋን ከመንደር ፋርማሲ ያለ ትእዛዝ መግዛትን ግን መተው ይገባል።

የሚበላው

በ2015 የታተመ አንድ ጥናት 20 አፍሪካ አሜሪካውያንን ከፒትስበርግ፣ 20 ገጠሬዎችን ከደቡብ አፍሪካ ወስዶ ለሁለት ሳምንት ምግባቸውን አቀያየረ። አሜሪካውያኑ በቀን የሚበሉት አሰር ከ14 ግራም ወደ 55 ወጣ፤ የደቡብ አፍሪካውያኑ ከ66 ወደ 12 ወረደ። ጥናቱ የታሰበው ለትልቁ አንጀት ካንሰር እንጂ ለውፍረት አልነበረም፤ የቡቲሬቱ ነገር ግን ለዚህ ምዕራፍም ይሆናል። በአሜሪካውያኑ ሁለት እጥፍ ተኩል ሆነ፣ በደቡብ አፍሪካውያኑ በግማሽ ወደቀ። በሁለት ሳምንት!

ስለ ስደተኞች የሚናገረው ደግሞ በ2018 ከሚኒሶታ የወጣው የዳን ናይትስ ቡድን ጥናት ነው። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ የሞንግና የካረን ሰዎች አሜሪካ በገቡ በወራት ውስጥ የአንጀታቸው ባክቴሪያ ዓይነት መመናመን ይጀምራል፤ አሰር የሚፈጩት ይጠፋሉ፣ እዚያ ተወልደው በሚያድጉ ልጆቻቸው ላይ ደግሞ ይብስበታል። በሚኒሶታ ብዙ ሐበሻ አለ፤ ጥናቱ እነርሱን አልጨመረም፤ ነገር ግን ስልሳ ኪሎ ሆኖ ሄዶ በሦስት ዓመት ዘጠና የገባ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም።

ብዙ ጊዜ የምሰማው መጽናኛ እንጀራ እርሾ ስላለው ባክቴሪያችንን ይጠብቅልናል የሚል ነው። በሊጡ ውስጥ ሕያው የነበረው ከሞላ ጎደል ሁሉ ምጣዱ ላይ ይሞታል። አንጀት የሚደርሰው ጤፉ ነው፣ ከጤፉም ገለፈቱ፤ አብሮት ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ። የጾም ገበታችን ለባክቴሪያ የተሰናዳ ግብዣ ነው፤ በፓስታ፣ በዳቦና በለስላሳ መጠጥ የሚጾም የከተማ ሰው ግን ጾመኛ ቢሆንም ባክቴሪያዎቹን አስርቧል። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሴቶች በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 8 ሆነዋል፤ በከተማ ደግሞ ከገጠሩ እጅግ ይበልጣል።

የጠፋው ይመለሳል? በስታንፎርድ ኤሪካና ጀስቲን ሰነንበርግ የሰው ባክቴሪያ የተሰጣቸውን አይጦች አሰር በሌለው መኖ ለአራት ትውልድ አራቡ። በመጀመሪያው ትውልድ አሰሩ ሲመለስ ከቀነሱት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ተመለሱ። በየትውልዱ ግን የሚመለሱት እያነሱ ሄዱ፤ በአራተኛው ትውልድ አሰር ብቻውን የጠፉትን ማምጣት አልቻለም። እነዚያ ባክቴሪያዎች አንጀታቸው ውስጥ መልሰው የሰፈሩት ከሌሎች አይጦች ተወስደው ሲሰጧቸውና አሰሩም አብሮ ሲመለስ ነበር።